ሽታው ሲለወጥ

ሌንጂሳ መኪናውን በጨረታ የገዛው ራሱ ከሚሠራበት መሥሪያ ቤት ነው። የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኖ በአሶሳ ዙሪያ ያሉትን ቀበሌዎች ዕድሜውን ሙሉ ያዳረሰው በዚያው መኪና ነበር። እሱ ጡረታ ሲወጣ መኪናውም «አገልግሎቱን ጨርሷል» ተብሎ ስለተሸጠ ሁለቱም በአንድ ሰሞን ከግቢው ወጡ። ባለ ሁለት ጋቢና የቤንዚን ፒክአፕ ነው። በሩ አንዴ ተገፍቶ አይዘጋም፤ የኋላው መስኮት ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከዚያ ውጭ ግን፣ እንደ ሌንጂሳ አባባል፣ ምንም አይወጣለትም።

ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት ትበራ ነበር። ሾፌሮች ቼክ ኢንጂን የሚሏት ናት። ሌንጂሳ መጀመሪያ ሰሞን ባያት ቁጥር ይደነግጥ ነበር። እያደር ግን ዘወትር የሚበራ መብራት ማስጠንቀቂያነቱ ቀርቶ መብራት ብቻ ይሆናል ብሎ ደመደመ። ሲመሽ እንዲያውም ሰዓቱን ያይባት ነበር።

አንድ ቀን ግን መኪናው ዳገት ላይ ሁለት ጊዜ ስላስነጠሰበት፣ ወደ ሆሞሻ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለው ወደ አብዱልረሂም ጋራዥ ወሰደው። አብዱልረሂም የአሶሳ ተወላጅ፣ ቤርታ ነው፤ አማርኛው ወንዱንና ሴቱን ይቀላቅላል፤ ሌንጂሳን ከመሥሪያ ቤት ዘመኑ ጀምሮ ያውቀዋል። ትንሽ መሣሪያ አምጥቶ ከመሪው ሥር ሰካና አነበበ።

«ጋሽ ሌንጂሳ፣ ኦክስጅን ሴንሰር ነው» አለ። «የፊተኛዋ። አልሞተችም። ግን ሰነፍ ሆኗል።»

«ሰነፍ ማለት?»

«ሴንሰር ማለት የመኪና አፍንጫ በለው። ጭሱን ያሸታል፣ ከዚያ ለኮምፒውተሩ ‹ነዳጅ በዛ፣ ነዳጅ አነሰ› ብሎ ይናገራል። ይሄ አርጅታለች። አሁንም ያሸታል፣ ግን ዘግይታ ነው የምትናገረው። ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚነግረው ሲያጣ ዝም ብሎ ነዳጅ ይጨምራል።»

ሌንጂሳን ነገሩ ትንሽ ከነከነው። ስለ እርጅና በዚህ ዓይነት ቋንቋ ሲወራ አይወድም።

«ታዲያ መቼ ይቀየር?»

አብዱልረሂም እጁን በጨርቅ እየጠረገ አሰበ። «ነዳጅ ስትቀዳ አስተውል፤ ከድሮ ይበልጥ ከበላ ጊዜው ደርሷል። የማርሚታውን ጫፍ፣ ጭስ የሚወጣበትን፣ በጣትህ ንካው፤ ጥላሸት ከያዘ ደርሷል። ከሁሉ በላይ ግን ሽታው ነው። ሽታው ሲለወጥ ኸላስ፣ ያን ቀን ይቀየራል። ዕቃው እዚህ አይገኝም፣ ከአዲስ አበባ ነው የማስመጣው። ቀደም ብለህ ንገረኝ።»

ሌንጂሳ ቤቱ እስኪገባ ድረስ ነገሩን አውጥቶ አወረደው። ነዳጁን መለካት የማይሞከር ነው፤ በዚያ ሰሞን አሶሳ ውስጥ ነዳጅ የሚቀዳው እንደ ወረፋው እንጂ እንደ ነዳጅ ታንከሩ መጉደል አልነበረም። ጥላሸቱም ቢሆን አያስተማምንም፤ በበጋ ሣሩ ሲቃጠል የሰው ፊት እንኳ ጥላሸት ይይዛል። የቀረው ሽታው ነው። ስለዚህ ወሰነ፤ ሽታው ሲለወጥ ይቀይራል። ለጠየቀው ሁሉ፣ ላልጠየቀውም ጭምር፣ ይህንኑ ተናገረ። የታሰበበትና ኃላፊነት የተሞላበት ውሳኔ ነበር።

ችግሩ ሌንጂሳ ማሽተት አለመቻሉ ነበር።

ሰው ሁሉ አፉንና አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ በሚሄድበት በዚያ ክፉ ዓመት ታሞ ተኛ፤ ሳሉ ለቀቀው፣ ትኩሳቱ ለቀቀው፣ አፍንጫው ግን እንደሄደ ቀረ። ዛሬ ይመለሳል፣ ነገ ይመለሳል እያለ ጠበቀው። በሥራ ዘመኑ የከብት ቁስል መመርቀዙን ገና ከበረቱ በር ሆኖ በአፍንጫው የሚያውቅ ሰው ነበርና፣ «አልሸት አለኝ» ብሎ መናገር ራቁቱን አደባባይ እንደመውጣት ከበደው። ለሚስቱ ለሰንበቴም አልነገራትም። ምግብ ሲቀርብ ከሳህኑ በላይ ጎንበስ ብሎ አየሩን ይስብና «እሰይ» ይላል። ዘዴው አብዛኛውን ጊዜ ያዋጣው ነበር።

ሰንበቴ በበኩሏ በዚያ መኪና መሳፈር ካቆመች ቆይታለች። ገበያ ስትሄድ ባጃጅ ትጠራለች። «ልብሴ ይሸታል» ትላለች። ሌንጂሳ ይህን የሴት ሰበብ አድርጎ ወሰደው፤ ምናልባት ባጃጅ ትወድ ይሆናል ብሎ ተዋት።

ጥር ገባ፣ የሠርግ ወር። አናጢው ጎረቤቱ ጂራታ ልጁን ቀነኒን ሊድር ነው። ቀነኒ በቤተ ክርስቲያናቸው የመዘምራን መሪ ናት፤ ሙሽራው እዩኤል ደግሞ የባምባሲ ልጅ፣ አስተማሪ ነው። ሥርዓቱ አሶሳ ይፈጸምና ሙሽሮቹ ከሰዓት በኋላ ባምባሲ ወደ ሙሽራው እናት ቤት ይሄዳሉ። ለዚህ የተከራዩት መኪና በሠርጉ ዕለት ጠዋት አበባና ሪባን እንደለበሰ ነዳጅ ማደያው ወረፋ ላይ ቆሞ ቀረ። ከፊቱ ያለው ሰልፍ ማለቂያ አልነበረውም።

ጂራታ በሙሉ ልብሱ እየሮጠ መጣ።

«ሌንጂሳ፣ ያንተ መኪና ነዳጅ አለው?»

«ሙሉ ነው» አለ ሌንጂሳ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ወረፋ መያዝ የሚወደው ሥራ ነበር።

መኪናው ታጠበ፤ ሪባኑ ከዚያኛው ተፈቶ ለዚህኛው ታሰረ። ሙሽሮቹ ከኋላ ተቀመጡ። ጋቢናው ላይ፣ ከሌንጂሳ ጎን፣ ኬኩ ተቀመጠና ቀበቶ ታሰረለት። ሚዜዎቹ በሚኒባስ ቀድመው ሄዱ። ከከተማው ሲወጡ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሣሩ ይቃጠል ነበርና፣ የሚበነው አመድ ነጩን ቬሎ እንዳያበላሸው መስኮቶቹ ሁሉ ጥርቅም ተደርገው ተዘጉ።

መጀመሪያ ላይ ሙሽሮቹ ይሳሳቁ ነበር። ቀጥሎ መዝሙር ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ መዝሙሩ ቆመ። ሌንጂሳ በመስታወቱ ሲያያቸው እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን ገጥመው ተቀምጠዋል። የሚጸልዩ መሰለው። ልቡ ተነካ። እንዳይረብሻቸው ብሎ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ በዚህም ምክንያት መንገዱ ረዘመ።

ባምባሲ ሲደርሱ የሙሽራው እናት ወይዘሮ በቀለች በራፋቸው ላይ ቆመዋል። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ የቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች ኅብረት ሁሉ የሚፈራቸው ሴት ናቸው። ዘመድ በግራ፣ ዘመድ በቀኝ ተሰልፏል፤ እልልታው ቀለጠ። እዩኤል ከመኪናው ወርዶ ለሙሽራዋ በሩን ከፈተ። ቀነኒ አንድ እግሯን አወረደች፣ ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ በወይዘሮ በቀለች አዲስ ጫማ ላይ አስመለሰች።

እልልታው መሐል ላይ ተቆረጠ። ከሴቶቹ አንዷ፣ የእዩኤል አክስት፣ ወደ ሰማይ እያየች በጣቷ ወር መቁጠር ጀመረች።

«የመንገድ ነገር ነው» አለ ሌንጂሳ፣ አጠገቡ ለቆመው ሰው ሁሉ። ኬኩን ተሸክሞ አስገባ። ኬኩን የበሉት ሰዎች ጣዕሙ ግር ቢላቸውም ሠርግ ስለሆነ ምንም አላሉም።

ወሬው ነዳጅ አያስፈልገውምና ከሌንጂሳ ቀድሞ አሶሳ ገባ። ቀነኒ ነፍሰ ጡር ናት። የቬሎው ወገብ የሰፋው ለካስ ለዚህ ነው። ሠርጉም የተቻኮለው ለዚህ ነው። ሠርጉ ከታቀደ ዓመት ያለፈው መሆኑን የሚያስታውስ ጠፋ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች፣ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ቀነኒ ከመዘምራን ፊት ባትቆም ይሻላል የሚል ሐሳብ እንዳላቸው፣ በጣም በትሕትና፣ ለአባቷ ላኩበት።

ጂራታ አንድ ከሰዓት በኋላ ሌንጂሳ ቤት መጥቶ ተቀመጠ። ጂራታ ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም። የቤቱን ወንበር እግር እየነካ መላላቱን ፈተሸ።

«ወይዘሮ በቀለች ለመልሱ አልመጣም ብለዋል» አለ በመጨረሻ። «ብመጣም የምመጣው ለመናገር ነው ብለዋል።»

«ምን ሊናገሩ?»

«ያው ነዋ።»

«እዩኤል ምን ይላል?»

«ሐሰት ነው ይላል። እናቱ ግን፣ አንተማ ምን ልትል፣ የራስህ ሥራ ነው አሉት። ልጄን አሙብኝ፣ ሌንጂሳ። አልቅሳ ዓይኗ አብጧል አሉ።»

ሰንበቴ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። ብቅ ብላ፣ «መኪናው ነው» አለች።

«የቱ መኪና?» አለ ሌንጂሳ።

«ያንተ። ይሸታል።»

«የኔ መኪና አይሸትም። ሸትቶ ቢሆን ኖሮ ሴንሰሩን እቀይረው ነበር። ይሄ የተወሰነ ጉዳይ ነው።»

ሰንበቴ አፍጥጣ አየችው። ከዚያ በጓሮ በኩል ወጣች። ስትመለስ አፉ በጨርቅ የታሰረ ትንሽ ጣሳ ይዛለች።

«ይሄ የጫካ ማር ነው። ለጂራታ ልሰጠው ብዬ ነበር፤ እንዳልተበላሸ እስቲ አሽትትልኝ።»

ሌንጂሳ ጣሳውን ተቀበለ። እንደሚያውቅ ሰው ዓይኑን ጨፈን አድርጎ በረጅሙ ሳበ፤ አንዴ አልበቃው ብሎ ደገመው።

«ምንም አልሆነም» አለ። «ጥሩ ማር ነው። አበባው እንኳ ይለያል።»

ጂራታ በጋቢው አፍንጫውን ሸፍኖ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«ቤንዚን ነው» አለች ሰንበቴ። «ከጄሪካንህ የቀዳሁት።»

ሌንጂሳ ጣሳውን በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ከዚያ ትንሽ አራቀው። ጆሮው ሲግል ተሰማው።

«ከዚያ በሽታ ጀምሮ ነው?» አለች። ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም፤ ለእሱ ይሄ ባሰበት።

«ከዚያ ጀምሮ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ይመለሳል ብዬ።»

«ወጡ አርሮብኝ፣ ጎረቤት ሳይቀር ምን ተቃጠለ ብሎ ሲመጣ፣ አንተ ‹እሰይ› ያልከኝ…»

«ጥሩ ነበር» አለ ሌንጂሳ።

አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ስለ አፍንጫው አልነበረም የሚያስበው። የሚያየው በመስታወቱ ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው የተቀመጡትን ሁለት ልጆች ነው፤ እሱም ጸሎት መስሎት ቀስ ብሎ ሲነዳ። ያቺ ልጅ በሚሸት መኪናው ታማ፣ እሱ አፍንጫ ያለው መስሎ ስለኖረ፣ አሁን በከተማው አፍ ውስጥ ናት።

ተነሥቶ ኮፍያውን አደረገ። «ዛሬውኑ ይታዘዛል» አለ።

አብዱልረሂም ለአንድ የሚያውቀው የአውቶቡስ ሾፌር ደውሎ ሴንሰሩን አስመጣ። ዕቃው ሲደርስ ሌንጂሳና ጂራታ አብረው ጋራዥ ሄዱ። አብዱልረሂም ካርቶኑን ከፍቶ አሳያቸው፤ ጫፏ ላይ ሽቦ ያላት፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ብረት ናት። ሌንጂሳ ለዚህች ብሎ ይህን ሁሉ ጊዜ መጠበቁ ገረመው። አብዱልረሂም መፍቻውን አንሥቶ ከመኪናው ሥር ሊገባ ሲል ጂራታ ክንዱን ያዘው።

«አትቀይረው።»

«ምን ሆንክ?» አለ ሌንጂሳ። «ለዚህ አይደል የመጣነው?»

«አሁን ከተቀየረ መኪናው ይሸት እንደነበር ማን ያምናል? ሰበብ ፈጠሩ ነው የሚሉት። ወይዘሮ በቀለች ራሳቸው መሳፈር አለባቸው።»

አብዱልረሂም መፍቻውን እንደያዘ ነገሩን አመዛዘነው። «ሐቅ ነው» አለ። «ወሬው ከባድ ነው። ሽታዋ ነው ምስክሩ። ግን ጋሽ ሌንጂሳ፣ ወላሂ ይሄ ጭስ ጥሩ አይደለም። ሰው ይጎዳል። መስኮት ተከፍቶ ነው መሄድ ያለበት።»

መካኒኩ ያለው የገባው ሌንጂሳ ብቻ ይመስል ነበር፤ ጂራታ ስለ መስኮቱ የተባለውን አልሰማም። ሴንሰሩ ከነካርቶኑ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ገባ። ለዓመታት ሳይቀየር የኖረው ዕቃ፣ ሊቀየር በተዘጋጀበት ቀን፣ ለአንድ ጉዞ ዕድሜ ተጨመረለት።

የመልሱ ዕለት ጠዋት ሌንጂሳ ብቻውን ባምባሲ ሄደ። ነዳጅ አሁንም ስላልነበረ ለወይዘሮ በቀለች ሌላ መኪና አልተገኘላቸውም፤ እሳቸውም እናገራለሁ ያሉትን ሳይናገሩ መቅረት አልፈለጉም። አዲሱን ጫማ ሳይሆን ሌላ ጫማ አድርገው፣ ነጠላቸውን አጥብቀው ወጡ። ልጃቸውና ምራታቸው ከዋዜማው ጀምረው አሶሳ ናቸው።

ሌንጂሳ በሩን ከመክፈቱ በፊት ቆመ። መንገዱን ሙሉ ያሰበው ይህን ነበር። ጂራታ እንደፈለገው ዝም ብሎ አሳፍሮ መንዳት ይችላል፤ ግን እያወቀ ሰው ማሳመም፣ ለዚያውም ሽማግሌ ሴት፣ አልሆነለትም።

«አዴ በቀለች» አለ፣ «አንድ ነገር ልንገርዎት። ይሄ መኪና ሰው ያሳምማል። ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል። ልጅቷን ያሳመማት እሱ ነው። ከፊት ይቀመጡና መስኮቱን ክፍት ያድርጉት።»

ወይዘሮ በቀለች ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አሃ» አሉ። «እንዲህ በል ብለው ላኩዎት።»

«ማንም አልላከኝም። እንዲያውም…»

«እኔ ከነቀምት እስከዚህ በጭነት መኪና ላይ ተጭኜ የመጣሁ ሰው ነኝ፣ ኦቦ ሌንጂሳ። የኔን ሆድ የማውቀው እኔ ነኝ።» የኋላውን በር ራሳቸው ከፈቱ፣ መሐል ላይ ተቀመጡ፣ ሁለቱንም መስኮት እስከ ላይ ዘጉ። «ይንዱ።»

ሌንጂሳ የራሱን መስኮት እስከ መጨረሻው አውርዶ ነዳ። ከዚያ በላይ ማድረግ የሚችለው አልነበረም።

ወይዘሮ በቀለች መጀመሪያ ስለ ልጅ አስተዳደግ ተናገሩ። በሰፊው ነበር የተናገሩት። የድሮ ልጅ እንዴት እንደነበር፣ የዛሬ ልጅ እንዴት እንደሆነ፣ ስልክ ምን እንዳመጣ አስረዱ። ትንሽ ቆይቶ ዓረፍተ ነገሮቹ አጠሩ። «የዛሬ ልጅ…» ይሉና ይተዉታል። ከዚያ መዝሙር በአፍንጫቸው ማንጎራጎር ጀመሩ፤ እሱም ቆመ። ሌንጂሳ በመስታወቱ ሲያይ ዓይናቸው ተጨፍኗል፣ ከንፈራቸው ተገጥሟል፣ ግንባራቸው ላይ ላብ ወጥቷል። በዚህ ጊዜ ግን ጸሎት አልመሰለውም።

ዳር ይዞ አቆመ።

«ምነው ቆሙ?» አሉ፣ ጥርሳቸውን ሳይከፍቱ።

«ጎማ ልይ» አለ ሌንጂሳ።

ወረደና የኋላውን በር ከፈተላቸው፤ ወደ እሳቸው ግን አላየም። ጀርባውን ሰጥቶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እየዞረ መርገጥ ጀመረ። ወይዘሮ በቀለች ወረዱ፣ በፈጣን እርምጃ ከመንገዱ ዳር ወዳለው ማንጎ ዛፍ ሄዱና ከግንዱ ጀርባ ተሰወሩ። ሌንጂሳ ጎማዎቹን ረግጦ ጨረሰ፤ ከግንዱ ጀርባ የሚሰማው ድምፅ ስላላበቃ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። በመጨረሻ ትርፍ ጎማውንም ረገጠ።

ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ነጠላቸው ግን ተስተካክሏል።

«ጎማው እንዴት ነው?» አሉ።

«ደህና ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ከፊት ተቀመጡ። መስኮቱን ወደ ታች አወረዱ፤ ክርናቸውንም አወጡ።

«ልጅቷ ያን ቀን መኪናው ሸተተኝ አላለችዎትም?» ብለው ጠየቁ ቆይተው።

«አላለችም።»

«ለምን?»

«እንዳታሳፍረኝ ብላ ይመስለኛል።»

ወይዘሮ በቀለች ወደ እሱ ዞሩ። «እርስዎስ? አይሸትዎትም?»

ሌንጂሳ መሪውን ያዝ አደረገ። «ማሽተት አልችልም» አለ። «ከታመምኩ ወዲህ ጠፍቶብኛል። ለሰው አልተናገርኩም።» ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ከጠበቀው ቀለለው።

ወይዘሮ በቀለች አልሳቁም። «ባለቤቴ ጆሮው አይሰማም ነበር» አሉ። «ደብቆኝ ነው የኖረው። ስጠራው ዝም ሲለኝ ኩራት ይመስለኝ ነበር። ስንት ዓመት ተኳረፍን። ሊሞት ሲል ነው ሐኪሙ የነገረኝ።» ወደ ውጭ እያዩ ጨመሩ፤ «ወንዶች ስትባሉ።»

አሶሳ ሊገቡ ሲሉ ነጠላቸውን እንደገና አጣፉ። «ልጅቷ ጥሩ ልጅ ናት» አሉ፣ ሌላ ሰው ተቃውሟቸው እንደነበር ሁሉ።

የጂራታ ግቢ ድንኳን ተጥሎበታል። ሽማግሌዎቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን ተቀምጠው ወይዘሮ በቀለች የሚሉትን ለመስማት ሲጠባበቁ ምግቡን ማንም በወጉ አይበላም ነበር። ቀነኒ ከእናቷ ጎን አንገቷን ደፍታለች። ጂራታ ሌንጂሳን በዓይኑ ጠየቀው፤ ሌንጂሳ ትከሻውን ሰበቀ። ምን እንደሚሉ እሱም አያውቅም፤ ማንጎው ጋ ስለሆነው ነገር ደግሞ እሱ እንደማይናገር ወስኗል።

ወይዘሮ በቀለች በቀጥታ ወደ ቀነኒ ሄዱ። አቀፏትና ግራና ቀኝ ሳሟት። ወሩን በጣቷ የቆጠረችው አክስት ጠጋ ብላ፣ «ምነው እትዬ፣ ፊትሽ ገረጣ?» አለቻቸው።

ወይዘሮ በቀለች ቀና አሉ። ድምፃቸው የመዘምራን ድምፅ ነው፤ ድንኳኑ ጥግ ያለው ሰው ሳይቀር ሰማ።

«የዚህ ሰውዬ መኪና አስመለሰኝ። እንግዲህ እኔም ሳላረግዝ አልቀርም። እስቲ ቁጠሪልኝ።»

መጀመሪያ የሳቁት ከሽማግሌዎቹ ሁሉ ጥብቅ የሚባሉት ነበሩ፤ ሳቃቸውን ወደ ሳል ለመለወጥ ቢሞክሩም ዘገየባቸው። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። አክስትየዋ ጣቶቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ቀነኒ ስትስቅ እንባዋ ወረደ፣ እናቷም አብራ አለቀሰች፣ ጂራታ ወደ ጓሮ ሄዶ ብቻውን ቆሞ ተመለሰ።

«አንተስ?» አሉ ወይዘሮ በቀለች ወደ ልጃቸው ዞረው። «አብረሃት ተቀምጠህ አልነበር? ለምን አልተናገርክም?»

እዩኤል ቀላ። «ራሴን ያዞረኝ ደስታ መስሎኝ ነበር» አለ።

ቀነኒ በኋላ ለሌንጂሳ ምግብ ራሷ አቀረበችለት። ሌንጂሳ ሳህኑን ከመቀበሉ በፊት ተነሥቶ ቆመ። በወጣት ፊት ሲቆም ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለች። «ይልቅ ለኬኩ ይቅርታ ይጠይቁ።»

ሌንጂሳ ተቀመጠ። ምግቡ ላይ ጎንበስ ብሎ አየር ሊስብ ሲል ሰንበቴን ፊት ለፊቱ አያትና ተወው። ዝም ብሎ በላ።

በማግሥቱ አብዱልረሂም አሮጌውን ሴንሰር ለመፍታት ግማሽ ቀን ታገለ። ዝጎ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኖ ነበር። ዘይት አጠጣው፣ አሞቀው፣ በዐረብኛ መከረው፣ በመጨረሻ እሺ አለ። ጥቁር ሆኖ ወጣ። አዲሱ ገባ፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ቢጫዋ መብራት ጠፋች። አብዱልረሂም ማርሚታው ጫፍ ጋ ተንበርክኮ አሸተተና አውራ ጣቱን አነሣ። የኋለኛዋ ሴንሰርስ ብሎ ሌንጂሳ ጠየቀው።

«የኋለኛዋ ገና ነው፣ ደህና ናት። እሷን እኔ እነግርሃለሁ» አለ አብዱልረሂም። «አንተ አታሽትት።»

ሐኪም ቤትም ሄደ፤ ሰንበቴ ናት የወሰደችው። ሐኪሟ መብራት አፍንጫው ውስጥ አብርታ አየችና፣ አንዳንድ ሰው ላይ ቆይቶ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ላይ አይመለስም አለችው። መቼ እንደሚታወቅ ጠየቃት። ሲሸትህ አለችው።

በዚያው ሳምንት ሰንበቴ ሆሞሻ ያለች ወዳጇን ለመጠየቅ ፈለገች። ባጃጅ አልጠራችም። ከፊት ገባች፣ በሩን እንደሚፈልገው ገፍታ ዘጋችው፣ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ሰበሰበች። ሌንጂሳ ሞተሩን አስነሥቶ ነዳ። ከከተማው ወጥተው ሜዳው ሲከፈት መስኮቷን አወረደች።

«ምን ይሸታል?» አለ።

«የተቃጠለ ሣር።»

ትንሽ ሄዱ።

«አሁንስ?»

«ፍየሎች። እዚያ ጋ ያሉት።»

«ስንት ናቸው?»

«እሱንስ በዓይንህ እይ» አለች ሰንበቴ። ቀጥላም፣ ሳይጠይቃት፣ «አሁን ደግሞ የማንጎ አበባ» አለችው።